በበረዶው ቀን ከልጆቻችሁ ጋር ውጡ
(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለጽሑፍ የተዘጋጀ)

ዛሬ የማነሣው ነገር «ይህም ስብከት ነው እንዴ?» ያሰኛችሁ ይሆናል። ስለ ክረምት ነው። የአገር ቤቱን ሐምሌና ነሐሴ ማለቴ አይደለም፤ እዚህ ሚኒሶታ ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሚቀመጥብን የበረዶ ክረምት ነው።

አብዛኞቻችን ከአገር ቤት የምናውቀው በረዶ ቆርቆሮውን ደብድቦ ወዲያው የሚቀልጠውን ነው። የዚህ አገሩ ግን ከመጣ አይሄድም። እኛስ ምን እናደርጋለን? ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት። በታኅሣሥ ፀሐይ በዚህ አገር ሰዓት 4:30 አካባቢ ትጠልቃለች። አባት የማታ ፈረቃ፣ እናት የቀን ፈረቃ፣ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ከስልኩ ጋር። «በረዶው ይቅለጥና አብረን እንወጣለን» እንላለን። ልጁ ግን አይጠብቀንም እኮ! ቁጠሩት፤ በዓመት አምስት ወር፣ ልጁ 10 ዓመት እስኪሞላው ከአራት ዓመት በላይ ነው።

በዘዳግም 6 እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆቻችን የምንነግርበትን ስፍራ ሲጠቅስ በቤት መቀመጡን ብቻ አላነሣም፤ በመንገድ መሄዱንም አንሥቷል። ክፍሉ ውስጥ በአማርኛ ስንጠይቀው «እሺ» ብቻ ብሎ የሚዘጋን ልጅ፣ አብሮን ሲሄድ ወሬው ይፈታል። ፊት ለፊት ቁጭ አድርገን ስንመረምረው የማይናገረውን፣ ጎን ለጎን እየተራመድን ሳለ ይናገራል። ይህን ብዙ ወላጆች ያውቁታል።

«ልጆቹን ብርድ ቢመታቸውስ?» ትሉ ይሆናል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ እርሱም በይበልጥ የሚዛመተው ሰው በተፋፈገበት ዝግ ቤት ውስጥ ነው። ደግሞስ በምሳሌ 31 ያለችውን ባለሙያ ሴት አስታውሱ። በረዶ ሲመጣ ለቤተሰቧ አትፈራም፤ ለምን? አልብሳቸዋለቻ! በሩን ስለዘጋችባቸው አይደለም።

እንግዲህ ስለ ልብስ ልናገር። ከሥር የሚለበሰው ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላብ ከጠጣ በኋላ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬት። ለትንንሾቹ ጣት በጣት ከተለየው ጓንት ይልቅ ጣቶቹን አንድ ላይ የሚይዘው ይሻላል፤ ጣት ከጣት ይሞቃቃል። ጫማው ከወፍራም ካልሲ ጋር ጠብቆ የሚይዝ ከሆነ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ እግር ይቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ አዲስ መግዛት የለባችሁም፤ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት በጥቂት ዶላር ይገኛል። የልጆቹን ጣት፣ ጆሮና አፍንጫ ቶሎ ቶሎ እዩ። በእኛ ቆዳ ላይ ብርድ የጎዳው ቦታ መቅላቱ በደንብ ላይታይ ስለሚችል «ደነዘዘህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የከባድ ብርድ ማስጠንቀቂያ በተነገረበት ቀን ደግሞ ቤት ዋሉ፤ እምነት ማነስ አይደለም። በሐይቅ ላይ ለመራመድም ንጹሕ አዲስ በረዶ ቢያንስ 4 ኢንች ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ካላወቃችሁ አትርገጡት።

የት እንሂድ? በሰፈራችሁ ፓርክ ያለች ኮረብታና አንድ የፕላስቲክ መንሸራተቻ ይበቃሉ። አባቱ ተንሸራትቶ ሲወድቅና ሲስቅ ያላየ ልጅ፣ አባቱን የሚያውቀው ደክሞት ሶፋ ላይ ሲተኛ ብቻ ነው። ወይም ሚኒያፖሊስ ወዳለው ወደ ሚኔሃሃ ፏፏቴ ውሰዷቸው። ጢስ ዓባይ ሲያጓራ የሰማ ሰው፣ 53 ጫማ ከፍታ ያለው ውኃ ደርቆ ቆሞ ሲያይ ዝም ይላል። (ከመመልከቻው ሆናችሁ እዩ፤ ከበረዶው ሥር አትግቡ።) እዚያው ቆማችሁ መዝሙር 147ን አንብቡላቸው። መዝሙረኛው አመዳይን ከባዘቶ ጋር ያመሳስለዋል፤ ባዘቶ ምን እንደሆነ አያታቸው በስልክ ታስረዳቸው። በረዶ ላይ የጥንቸል ዱካ ስታገኙ ኢዮብ 37ን አስታውሱ፤ ኤሊሁ በረዶ ሲወርድ አውሬው ወደ ጉድጓዱ እንደሚገባ፣ የሰውም እጅ ከሥራ እንደሚታገድ፣ ይህም ሰው የአምላክን ሥራ ያውቅ ዘንድ እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ፈረቃ ለምንሠራው ለእኛ ይህ ቃል ምንኛ ቅርብ ነው! ለወንዶቹ ልጆች ደግሞ በበረዶ ቀን ጉድጓድ ወርዶ አንበሳ የገደለውን በናያስን ንገሯቸው፤ 2ኛ ሳሙኤል 23 ላይ አለ፤ አይሰለቹትም።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። በረዶው የማን እንደሆነ መዝሙሩ ነግሮናል። እኛ ከልጆቻችን ጋር ካልወጣን ልጆቹ ከሌላ ሰው ጋር መውጣታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ስለ በረዶው ሠሪ ማን ይነግራቸዋል?

በመጪው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጀምሩ። ለመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ሻይ በፔርሙስ፣ ቆሎ በኪስ ያዙ። ልጁ «ትንሽ እንቆይ» ብሎ ሲለምናችሁ ወደ ቤት ግቡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጫማችሁን ይዞ የሚቀሰቅሳችሁ እርሱ ነው። ጌታ ይባርካችሁ።