«ከየት ነው የመጣኸው?»

አዘጋጆቹ «ከሙያሽ የገጠመሽን አንድ ነገር ንገሪን፣ ግን አታርዝሚው» ብለውኛል። እኔም የማወራችሁ ስለ ሽርሽር ነው። ባለቤቴን አስፈቅጃለሁ፤ እዚያ ጥግ ጠረጴዛ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚስቀው እሱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ የጋብቻችንን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ሞምባሳ ሄድን። የቢጫ ወባ ካርዳችንን ይዘናል። (ካርዱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ዛሬም በየ10 ዓመቱ ድገሙ የሚሉ አሉና ለታካሚዎቻችሁ ንገሩ።) ሁሉ ተሟልቶ ሻንጣችን ቀረ። በሦስተኛው ቀን እስኪደርስ ድረስ ባለቤቴ በዚያ ወበቅ በሱፍ ሱሪ ነው የዞረው። ፖርቹጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት የጀመሩትን ፎርት ጂሰስን ያየነው እንደዚያ ሆነን ነው። በፎቶው ላይ ላቡ ይታያል።

ደግነቱ የወባ መከላከያችን፣ ዶክሲሳይክሊኑ፣ በእጅ ቦርሳዬ ነበር። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ነግሬዋለሁ። እሱ ግን በቀትር ሸሚዙን አውልቆ ዋኘና ጀርባው ተላጠ። ቀጥሎ ጨጓራው ተቃጠለ፤ መድኃኒቱን በጉንጭ ውሃ ውጦ ወዲያው ጋደም ይል ነበርና። አዲስ አበባ ስንገባ «በቃ፣ አገራችን ገባን» አለ። ከተመለሱ በኋላም ለ4 ሳምንት እንደሚወሰድ፣ መድኃኒቱ ጥገኛውን የሚይዘው ከጉበት ወጥቶ ደም ሲገባ እንደሆነ አስረዳሁት። «እኔ እኮ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ወባ ደጋ አትወጣም» አለኝ። ተጨቃጨቅን። በኋላ በየቀኑ «ውጫለሁ» ሲለኝ የነበረውን ክኒን በጃኬቱ ኪስ ውስጥ አገኘሁት።

ከዚያ እናቱን ለመጠየቅ በደሴ፣ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርገን ወደ መካነ ሰላም ሄድን። ጉጉፍቱ ላይ ንፋሱ አጥንት ይሰብራል። ከሞምባሳ በተመለስን በ11ኛው ቀን ባለቤቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ታዲያ ቤተሰቡ ሁሉ «የጉጉፍቱ ብርድ ነው» አለ። አማቴ ጀርባውን አይተው «ምች ነው፣ ፀሐይ መትቶታል» ብለው ዳማ ከሴ አሹለት። እኔ በዚያ ቀን ለለቅሶ ገጠር ወጥቼ ነበር። ወንድሙ ወደ አንድ ክሊኒክ ይዞት ሄደ፤ የደም ምርመራ ታዘዘ፣ ታይፎይድ ተባለ፣ መርፌ ተወጋ። «የት ነበርክ?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ማታ ስመለስ ትኩሳቱ 39.8 ነበር። ሌላ ጤና ተቋም ወስጄው የደም ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም ተገኘ። ኮአርተም ተጀመረ፤ በ3 ቀን 6 ጊዜ ነው፣ ስብ ካለው ምግብ ጋር። አማቴ ስቡን በቅቤ ሞልተው ከፈሉት። ከነገርኳቸው ሁሉ የተስማሙበት ትእዛዝ ይሄ ብቻ ነው።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል ወደ 2,600 ሜትር ከፍ ይላል። የዚያ ሰው በቤቱ ከወባ ጋር አይተዋወቅም፤ ስለዚህ ሰውነቱም መከላከል አልለመደም፣ ባለሙያውም አይጠረጥርም። ነገር ግን ከወሎ ደጋ ወደ ሞምባሳ የሚሄደው ስንቱ ነው? ወደ መተማና ሁመራ ሰሊጥ ለማጨድ የሚወርደው ግን ብዙ ነው። ጎንደር የተማርን እነዚህን ልጆች ዋርድ ውስጥ አይተናቸዋል፤ ወባውንም፣ ካላዛሩንም። እዚያ እናስባለን፣ ቆላው ቅርብ ነዋ። ልጁ ደጋ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሲታመም ግን ካርዱ ላይ «አድራሻ፦ ቦረና ወረዳ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሐሳባችንም እዚያው ይቆማል።

ባለቤቴ ውጤት ሲጠብቅ አጠገቡ አግዳሚው ላይ የተኛ ወጣት ነበር። አባቱ ጋቢያቸውን አልብሰውታል። ታይፎይድ ተብሎ ሳምንት ሙሉ ታክሟል። አባቱን «ልጁ የት ነበር?» አልኳቸው። «ሥራ ላይ» አሉኝ። «የት ሥራ፣ አባባ?» «እታች፣ መተማ፤ ሰሊጥ ላይ።» ስጠራው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ከደነው። ላብራቶሪ የነበረው ወጣት ባለሙያ ሳይታዘዝ፣ ካርድ እስኪወጣም ሳይጠብቅ ደም ወሰደ። በዚያው ሌሊት አርቴሱኔት ተወግቶ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ሄደ።

ድኗል። በዓመቱ አባቱ አማቴ ቤት ድረስ ማር ይዘው መጥተው ነበር። ልጁን ስጠይቃቸው «እታች ወርዷል» አሉኝ።