ዝም ያለው ሰው ይሰማዋል ወይ?



እ.ኤ.አ. በ2006 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣ አንድ አጭር ዘገባ ብዙ ሐኪሞችን አስደንግጧል። አንዲት የ23 ዓመት ወጣት በመኪና አደጋ አንጎሏ ክፉኛ ከተጎዳ ወራት አልፈዋል። ዓይኗ ይገለጣል፣ እንቅልፍም ይወስዳታል፤ ሲጠሯት ግን አትመልስም። እንግሊዝ አገር ኤድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው፣ «ቴኒስ እንደምትጫወቺ አድርገሽ አስቢ» አሏት። እንቅስቃሴን የሚያሰናዳው የአንጎሏ ክፍል ሥራውን ጀመረ። «ቤትሽ ውስጥ ከክፍል ክፍል ተዘዋወሪ» ሲሏት ደግሞ ሌሎች ክፍሎች ተነሡ፤ ልክ በጤነኛ ሰው ላይ እንደሚታየው።

መሣሪያው ያየው ግን የደም ፍሰትን ነው። ወጣቷ ትጨነቅ ይሁን ትረጋጋ አልነገረንም። የንቃተ ኅሊና ምሥጢርም ያለው እዚህ ላይ ነው። ልብ ደምን እንዴት እንደምትረጭ ከታወቀ፣ ስለ መርጨቷ የሚቀር ጥያቄ የለም። ሕመምስ? መልእክቱ ከተቃጠለው ጣት ተነሥቶ በየትኛው ነርቭ እንዳለፈ፣ እጅም እንዴት ከእሳቱ እንደሸሸ አንድ በአንድ ቢነገረን፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን ያማል የሚለው ጥያቄ ካለበት አይነቃነቅም። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1995 «ከባዱ ችግር» ያለው ይህንን ነው። ትክክል ነው እላለሁ፤ ሳይንስ የሚያስረዳን የሚሠራውን ነውና፣ መሰማት ደግሞ ከሥራው ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

የነርቭ ሕዋሳት ብዛትም መልስ አይሆንም። በአንጎላችን ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ ሕዋሳት ወደ 69 ቢሊዮን የሚጠጉት በስተኋላ ባለው ትንሹ አንጎል ውስጥ ናቸው። ያለዚህ ክፍል የተወለዱ ሰዎች ግን አሉ፤ በአረማመድና በአነጋገር ይቸገራሉ እንጂ ያያሉ፣ ይደሰታሉ፣ ያዝናሉ።

ጉዳዩ የፈላስፎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት፣ ሲታዘዙ ምንም ምላሽ ከማይታይባቸው 241 ሕሙማን መካከል 60ዎቹ ትእዛዙን በአንጎላቸው ሲከተሉ አግኝቷል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ቁጥር ነው። ትእዛዝ ሰምተው በዓይን በሚታይ ምላሽ ከሚፈጽሙት 112 ሕሙማን ውስጥ ምርመራው ምልክቱን ያገኘው በ43ቱ ላይ ብቻ ነበር። መስማታቸው የተረጋገጠ የብዙዎቹ አእምሮ እንኳ ከምርመራው ካመለጠ፣ ሐኪም ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ለቤተሰብ «አይሰማውም» ሲል ከያዘው ማስረጃ አልፎ ሄዷል።