የዘይት ውፍረትና ሁለቱ መስፈሪያዎች



አንድ የመሥሪያ ቤት ንብረት ገዥ በአሮጌ የሃይድሮሊክ መሣሪያ መምሪያ ላይ «ዘይቱ 150 ይሁን» የሚል ቃል ቢያነብ፥ በገበያም 150 የተጻፈበት በርሜል ቢያገኝ፥ ሳይጠራጠር ይገዛል። ዳሩ ግን ቍጥሩ አንድ ቢሆንም መስፈሪያው ለየቅል ነው።

በአሮጌ መምሪያዎች የተለመደው የሴይቦልት ሰከንድ ነው፤ ይኸውም 60 ሚሊሊትር ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ፈስሶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የበርሜሉ ግን ሴንቲስቶክስ ይባላል፤ ስሙም እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. ካረፈው ከሊቁ ከጆርጅ ስቶክስ የተወሰደ ነው። አንዱ ሴንቲስቶክስ በሰከንድ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ማለት ሲሆን፥ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ያህል ይመዝናል ቢባል ስሕተት ነው፤ የሚለካው ክብደቱ ሳይሆን አፈሳሰሱ ነውና።

ሰከንዱ ከ100 በላይ ሲሆን ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰከንዱን በ0.22 ማባዛት፤ 135ን ለሰከንዱ አካፍሎ ከዚያ መቀነስ። 150 በ0.22 ሲባዛ 33 ይሆናል፤ 0.9 ሲቀነስለት 32 ያህል ይቀራል። እንግዲህ የሚፈለገው 32 የተጻፈበት በርሜል ነው። ያ 150 የተባለው አምስት እጥፍ ያህል የወፈረ ስለሆነ፥ በተለይ በብርድ ጧት ፓምፑ ሊስበው ይቸገራል።

ሙቀቱንም መመልከት ያሻል። ይህ ሒሳብ የተሠራው ለ100 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ የበርሜሉም ቍጥር በ40 ሴንቲግሬድ ስለሚለካ ሁለቱ ይቀራረባሉ። መምሪያው 210 ፋራናይት የሚል ከሆነ ግን የተፈለገው እጅግ ወፍራም የሆነ ሌላ ዘይት ነው።