ኮምፒዩተር ያወጣው ስም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ኮምፒዩተር ለጂኖች ስለሚያወጣው ስም ነው። ነገሩ የባዮሎጂ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይምሰል እንጂ፣ ሌላው የጻፈውን ሳይመረምር የሚቀበለውን ሁሉ ይነካል።

የሕያዋን ዘር በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ የተጻፈው ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ በተባሉ አራት ፊደላት ነው። በራሱ ከሚኖሩ ፍጥረታት መካከል ሙሉ ጽሑፉ በመጀመሪያ የታወቀው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ርዝመቱም 1,830,137 ፊደል ነው። ይሁን እንጂ ፊደል መቁጠር ምሥጢሩን ማወቅ አይደለም። ጂኑ ከየት ጀምሮ የት ያልቃል? ሥራውስ ምንድን ነው?

ይህን ሁሉ በእጅ ለመሥራት ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ በ2014 እንደተገለጸው እንደ ፕሮካ ያሉ ፕሮግራሞች ተሠሩ። እነዚህ መጀመሪያ ከመነሻው ምልክት እስከ ማቆሚያው ያለውን ክፍል ይለያሉ፤ ቀጥሎም በመዝገብ ካሉት ፕሮቲኖች ጋራ ያስተያዩታል። የሚመስለው ከተገኘ የዚያን ስም ይሰጡታል፤ ካልተገኘ «ግምታዊ ፕሮቲን» ብለውት ያልፋሉ። የአንድ ባክቴሪያ ሥራ በ10 ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ መምሰል መሆን አይደለም። በዳክዬ ዓይን ሌንስ ውስጥ ዴልታ-1 እና ዴልታ-2 ክሪስታሊን የሚባሉ እጅግ የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሁለተኛው የኤንዛይም ሥራ ሲሠራ የመጀመሪያው አይሠራም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው፣ የተዋሱት ስምም ሥራ አይሆንም።

ከዚህም የከፋ አለ። የብራና ጸሐፊ የቀደመውን ስሕተት እንደሚገለብጥ፣ አንዱ የተሳሳተ ስም ለሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ለሦስተኛው ይተላለፋል። መቶ መዝገብ አንድ ቃል ቢናገር መቶ ምስክር ቆመ ማለት አይደለም። በዚህ ስም ተመርቶ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ዓመታት ሊያጠፋ ይችላል።

በ2016 አሜሪካ ውስጥ 473 ጂኖች ብቻ ያሉት ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ተሠርቶ ነበር። የሠሩት ሊቃውንት የ149ኙን ሥራ አላወቅነውም ብለው በግልጽ ጻፉ። እኔ ይህን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ክብር እቈጥረዋለሁ።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ማሽኑን አንናቀው፤ ያለ እርሱ መንገዱን አንጀምረውም። ነገር ግን ስም በሰጠን ቍጥር እንጠይቀው፤ የተመሳሰለው ስንት እጁ ነው? ሥራውን የሚሠሩት አሚኖ አሲዶች በቦታቸው አሉን? ከስሙ በስተኋላ በላቦራቶሪ የፈተነ ሰው አለን? መልስ ካጣን «አናውቅም» ብለን እንጻፍ። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሥራውን ከዚያ ይጀምራል።