ክረምት የሸሹ እንግዶች

በታኅሣሥ ንጋት ከባሕር ዳር ወጣ ብላችሁ ጭምባ ረግረግ ዳር ብትቆሙ፣ ከጉሙ ውስጥ መለከት የመሰለ ድምፅ ትሰማላችሁ። ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም አንገት ግራጫ ወፎች ናቸው። ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ ሳይቀር በረዶ ሸሽተው ይመጣሉ፤ የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነውና። ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ቀን አጨዳ ካለቀበት ማሳ የረገፈ እህል ይለቅማሉ።

ይህ ረግረግ የሚገኝበት የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገብ ብቻውን ግን እንግዳ አያሳድርም። ደንገሉ ከተመነጠረ፣ ረግረጉ ከታረሰ፣ ወፎቹ ማደሪያ አይኖራቸውም። የእግዜር እንግዳ ማሳደር እናውቅበታለን፤ ለእነዚህም ረግረጉን እንተውላቸው።