የኃላፊነት ሕግ መምህሩ ጆርጅ ክርዜቹኖቪች
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ፣ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. መግቢያ ሥራውን ሲጀምር ከቀደምት መምህራኑ አንዱ በትውልዳቸው ፖላንዳዊ የሆኑት ፕሮፌሰር ጆርጅ ክርዜቹኖቪች ነበሩ። ሰውዬው ድልድይ አልቀየሱም፤ ሕንፃም አላነጹም። ይሁን እንጂ መሐንዲስ የሆነ ሁሉ ሊያውቃቸው ይገባል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት። ረቂቁን ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አዘጋጁት፤ ከዚያም ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሰፊ ሕግ ታውጆ ብቻ አይበቃም፤ ዳኛው፣ ጠበቃውና ተማሪው የሚመሩበት ማብራሪያ ይሻል። ፕሮፌሰሩ የዕድሜያቸውን ሥራ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት እ.ኤ.አ. በ1970፣ ስለ ጉዳት ካሣ በ1977፣ ስለ ውል አመሠራረትና ውጤት በ1983 መጻሕፍት አሳትመዋል። በመካከሉ ዘውዱ ወደቀ፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ተለወጠ፤ የእርሳቸው ሥራ ግን አልተቋረጠም።

ነገሩ ለመሐንዲስ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በየካ ተዳፋት ላይ የተሠራ አንድ ቤት በክረምት ጎርፍ ተሸርሽሮ ከበታቹ ባለ ጎረቤት ላይ ተናደ እንበል። በአንቀጽ 2077 መሠረት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ አደጋውን አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም ነበር ማለት አያድነውም። ካሣውም በአንቀጽ 2091 መሠረት ከደረሰው ጉዳት ጋር የተካከለ ይሆናል።

መሐንዲሱስ? እርሱ የሚመዘነው በአንቀጽ 2031 ነው። ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሊጠብቅ ይገባዋል፤ በቸልተኝነት ወይም ባለመጠንቀቅ፣ ግዴታውን ፈጽሞ እንዳላወቀ የሚያስቆጥር ስሕተት ከሠራ፣ ሳይንስ ባረጋገጠውና ሙያው በተቀበለው ሥርዓት ተመዝኖ ይጠየቃል። እንግዲህ ሕጉ መሐንዲሱን ከሰው ሁሉ የተለየ ፍጹም አዋቂ እንዲሆን አይጠይቅም፤ አፈሩን ሳይመረምር፣ የውሃውን መውረጃ ሳያስብ መሠረት እንዳይጥል ግን ያዝዛል። ሙያው ራሱ ያወጣው ደንብ በችሎት መለኪያ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። መሐንዲሶች የሥራ ደንባቸውን በሚገባ ጽፈው ካላስቀመጡና ካልጠበቁ፣ ዳኛ በእጁ መለኪያ ሳይኖረው ይፈርዳል፤ ያን ጊዜ ንጹሑ ሊቀጣ፣ ጥፋተኛው ሊያመልጥ፣ ተጎጂውም ካሣውን ሊያጣ ይችላል። ፕሮፌሰር ክርዜቹኖቪች የሕጉን ቃል እየመረመሩ ለሕግ ሰዎች አብራሩ፤ «የሙያ ደንብ» የሚለውን ቃል በሥራ መሙላት ግን የመሐንዲሶች ድርሻ ነው። ከእንጦጦና ከየካ ጋራዎች በታች ያለው ነዋሪ በክረምት ሌሊት ተማምኖ የሚተኛው ሁለቱም ድርሻቸውን ሲወጡ ነው።