ኮንዶም ሲያቃጥል



በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ ወዲህ ስለ ኮንዶም ብዙ ተነግሯል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረው ዲኬቲ ኢትዮጵያም «ሕይወት ትረስት»ን በየሱቁ አዳርሷል። የተነገረው ግን በአብዛኛው «ተጠቀሙ» የሚለው ነው። ቢያቃጥልስ? ቢያሳክክስ? ሰው በሚተዋወቅበት በደብረ ማርቆስ ይህን ፋርማሲ ገብቶ መጠየቅ ይከብዳል። ስለዚህ የተቸገረው ሰው ለማንም ሳይናገር ኮንዶሙን ይተወዋል፤ ለበሽታ የሚጋለጠውም ያን ጊዜ ነው።

ብዙ ጊዜ የማቃጠሉ መንስኤ ድርቀት ነው። ፍትጊያው ቆዳን ይልጣል፤ ኮንዶሙንም ሊቀድደው ይችላል። ሁለት ኮንዶም መደራረብም ፍትጊያውን ይጨምራል እንጂ አይጠቅምም። መፍትሔው ከውኃ ወይም ከሲሊኮን የተሠራ ማለስለሻ ነው። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ የምግብ ዘይትና ቅቤ ግን ላቴክስን ያዳክማሉ። ከነዳጅ የሚወጣ ዘይት ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ እንደሚበቃው በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ጉዳቱን ግን ዓይን አያየውም። ሙቀትም እንዲሁ ነው። የደብረ ማርቆስ ብርድ ለኮንዶም የሚስማማ ቢሆንም፣ በኪስ ቦርሳ ታጥፎ ዓባይ በረሃን ወርዶ የወጣ እሽግ ሌላ ነገር ነው።

አንዳንድ ኮንዶሞች ኖኖክሲኖል 9 የተባለ የወንድ ዘር ገዳይ ኬሚካል ተቀብተዋል። ይህ ኬሚካል የብልትን ስስ ሽፋን ይቆጣል፤ በሴቶች ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንንም ያበዛል። በቤኒን፣ በኮትዲቯር፣ በደቡብ አፍሪካና በታይላንድ በጄል መልክ ሲሞከር ከኤች አይ ቪ አላዳነም፤ እንዲያውም አዘውትረው በተጠቀሙት ሴቶች ላይ ቫይረሱ በርክቶ ተገኘ። ስለዚህ እሽጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ኬሚካሉ ያለበትን ተዉት።

የላቴክስ አለርጂ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። የጎማ ጓንት ስታደርጉ ወይም ፊኛ ስትነፉ የሚያሳክካችሁ ከሆነ ግን ጠርጥሩ። ከፖሊዩሬቴን ወይም ከፖሊአይሶፕሪን የተሠራ ኮንዶም አለና፣ ከኮንዶም ሁሉ መራቅ አያስፈልግም።

የተቆጣ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይሽራል። ቁስል፣ ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ሽታ ወይም ሲሸኑ የሚያቃጥል ሕመም ካለ ግን ጥፋቱን በኮንዶሙ ላይ ጥሎ መቆየት አይገባም። በሳሙና አብዝቶ ማጠብም ነገሩን ያብሳል። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ እሽጉን ይዛችሁ ሂዱ፤ መናገር ያሳፈራችሁን ሐኪሙ ከላዩ ላይ ያነበዋል።